ግራጫዋ ወፍና ወራሽ ያጣው ኮሶ

ስለ አንዲት ግራጫ ወፍ ልጽፍ ነው። ልትጠፋ ጥቂት የቀራት ወፍ አይደለችም፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ በአጭሩ አይዩሲኤን የምንለው፣ በቀይ መዝገቡ ላይ ያሰፈራት «ብዙም የማያሳስብ» በሚለው ምድብ ውስጥ ነው። መዝገቡ ከዚህ የተሻለ ምድብ የለውም። የድረሱልን ጥሪ መስሎት የመጣ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ቢሰናበተኝ አልቀየምም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያው ምድቡ ነው።

አስጎብኚዎች አቢሲኒያን ካትበርድ ይሏታል፤ ሲያሳጥሩት ካትበርድ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አገር የለችም። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ከሩቅ ላያት የምትማርክ አይደለችም፤ የደጋ ጉም ውስጥ ገብታ የጉሙን ቀለም ይዛ የወጣች ናት የሚያሰኝ ግራጫ አላት። ቀረብ ብሎ ያያት ሰው ግን ሦስት ነገር ያስተውላል። ግንባሯ ነጣ ይላል። ከምንቃሯ ሥር እስከ ዐይኗ ጥቁር ሰረዝ አለ። ጭራዋን ቀና ስታደርግ ደግሞ ከሥሩ ቡናማ ቀይ የሆነ ላባ ብልጭ ይላል፤ የተቀረው አካሏ እንዲያ ደብዝዞ ያንን ቀለም እዚያ ቦታ ላይ ማን ደበቀው ያሰኛል።

መጀመሪያ ያየኋት ዲንሾ ነው፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ጫካ ውስጥ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ማለዳ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ የደጋ አጋዘኖቹ ከጽዱ ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። አብሮኝ የነበረው አስጎብኚ የዚያው አገር ልጅ ነው። ቅርንጫፉን በመነጽር ሳስስ ትንሽ ታገሠኝና «ጋሼ፣ መነጽሩን ይተዉት፤ መጀመሪያ ይስሙ» አለኝ። ልክ ነበር። ካትበርድ ቁጥቋጦ ውስጥ መሸሸግ የምትወድ ወፍ ናት፤ በዐይን የሚፈልጋት ሰው ግማሽ ቀን ያጠፋል፣ በጆሮ የሚፈልጋት ግን ወዲያው ያገኛታል።

አዘፋፈናቸው እንደ መሪና ተቀባይ ነው። ወንዱ አንገቱን መዝዞ፣ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ክንፉን ጣል አድርጎ ያወጣዋል፤ ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ፣ ከዚያች ከምታክል አካል ይወጣል ብሎ ለማመን የሚያስቸግር። ሴቷ ከአጠገቡ ሆና በሚርገበገብ፣ ከጉሮሮ በሚወጣ ድምፅ ትቀበለዋለች። መሐሉ ላይ ክፍተት የለም። ልምድ የሌለው ጆሮ አንድ ወፍ የዘፈነው ነው የሚመስለው። ዝናብ ሲገባ ይብሳሉ፤ ጥንድ ጥንዱ ተሰባስቦ በቡድን ሆነው ሲያስተጋቡት፣ ጫካው በሙሉ የሚነጋገር ይመስላል። በአፍሪካ ካሉ ምርጥ ዘማሪ ወፎች ተርታ የሚያስቀምጧት አሉ። እኔ አገር ወዳድነቴ ስለሚያዳላ ፍርዱን ለሌላ ሰው እተዋለሁ።

የሳይንስ ሰዎች ይህችን ወፍ የማን ዘመድ እንደሆነች ለመለየት ረጅም ጊዜ ተቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1843 በፈረንሳዊው ተመራማሪ በጌራን ሜንቪል ተገልጻ የጋሊኒዬን ስም ወሰደች። ጋሊኒዬ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረባው ከፌሬ ጋር በትግራይና በሰሜን ተራሮች የተጓዘ የፈረንሳይ መኮንን ነው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ስትገላበጥ ኖረች፤ ለረጅም ጊዜ ባብለር ከሚባሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች። በቅርብ ዓመታት የዘረመል ምርመራ ሲደረግ ግን ከሲልቪያ ወገን ሆና ተገኘች።

ይህ ነገር ደረቅ መረጃ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ካወቅሁ በኋላ ጫካው ራሱ ሌላ ሆኖብኛል። ሲልቪያ የሚባለው ወገን ውስጥ ብላክካፕ የተባለች፣ አናቷ ጥቁር የሆነ የአውሮፓ ወፍ አለች። የአውሮፓ ብርድ ሲገባ ከፊሎቹ ወደ እኛ ደጋ ይወርዳሉ፤ ከጥቅምት በኋላ ፍሬ ያለበት ዛፍ ላይ እነሱን ማየት የተለመደ ነው። እንግዲህ በበጋ ወራት ጽድ ላይ ሆነው ፍሬ የሚለቅሙት ወፎች አንዷ ከሺዎች ኪሎ ሜትር ተነሥታ የመጣች፣ አንዷ ደግሞ ከዚህ ደጋ ወጥታ የማታውቅ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። እንግዳዋ መጋቢት ሲያልፍ ሻንጣዋን ትሸክማለች። ባለቤቷ መሄጃ የላትም።

መሄጃ የላትም ስል ለማጋነን አይደለም። የምትኖረው ከ1,800 እስከ 3,600 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ አምጃ፣ አስታና የደጋ ቀርከሃ ባለበት ነው። የስምጥ ሸለቆው ለሁለት በከፈለው ደጋ ላይ በሁለቱም ወገን ትገኛለች፤ በዚህ በኩል መናገሻ ሱባና ደብረ ሲና አጠገብ ያለው ወፍ ዋሻ ደን፣ በዚያ በኩል አርሲና ባሌ። ከአፍሪካ መሬት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አብዛኛው፣ 80 በመቶ ያህሉ፣ እኛ ዘንድ ነው ይባላል። ለደጋ ወፍ ይህ ሰፊ ርስት ነው፤ ግን ዙሪያውን በቆላ የተከበበ ደሴት ነው።

አሁን ወደ ምድቡ ልመለስ። ቀይ መዝገብ በግምትና በስሜት የሚሞላ አይደለም። አንድ ዝርያ «ተጋላጭ» ወደሚለው የመጀመሪያው የአደጋ ደረጃ እንዲገባ ከተቀመጡት መስፈርቶች አንዱን ማሟላት አለበት። ወይ ቁጥሩ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ከሁለቱ በረዘመው፣ ቢያንስ 30 በመቶ መቀነስ አለበት። ወይ የሚገኝበት አካባቢ ከ20,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንሶ በዚያ ላይ መበጣጠስና ማሽቆልቆል ሊታይበት ይገባል። ወይ ለመራባት የደረሱት ከ10,000 ያነሱና አሁንም እየቀነሱ ያሉ መሆን አለባቸው። ሌሎችም አሉ፤ መንፈሳቸው ግን ያው ነው። የካትበርድ ርስት ሰፊ ነው፣ ጽድ ባለበት ሁሉ ልትሰማ ትችላለች፣ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ስትወርድ አልታየችም። ስለዚህ «ብዙም የማያሳስብ»።

በዚህ ፍርድ ላይ ጠብ የለኝም። መዝጋቢው ብሆን እኔም እዚያው ነበር የማስቀምጣት። ነጌሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ የምትገኘው ላርክ «እጅግ በከፋ አደጋ ላይ» ተብላ እያለች፣ ካትበርድን ከእሷ ጎን አሰልፎ እኩል መጮህ ነውር ነው። ገንዘቡም ትኩረቱም መጀመሪያ ወደዚያ ቢሄድ ተገቢ ነው። አንኮበር ገደል ላይ የወፍ ተመራማሪው ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 አግኝቷት በ1979 ለዓለም ያስተዋወቃት፣ የአንኮበር ሰሪን የተባለች ወፍም «ተጋላጭ» ከሚባሉት ናት፤ በኋላ በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች፣ ያም ሆኖ ርስቷ ጠባብ ነው።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የመዝገቡ ሰዓት የሚቆጥረው በወፏ ዕድሜ ነው። የአንዲት ትንሽ ወፍ ሦስት ትውልድ ተደምሮ ከአሥር ዓመት ብዙም አያልፍም። ዛፉስ?

ዲንሾም ሆነ ሌሎች የባሌ ጫካዎች ውስጥ ያሉትን ኮሶዎች ያየ ሰው አይረሳቸውም። ግንዳቸው ጠምዛዛና ወፍራም ነው፤ ቅርፊታቸው ቀላ ብሎ በረጃጅሙ ይላጣል፤ ቅርንጫፋቸው በዛፍ ሽበት (ሊችን)ና በለምለም አረንጓዴ ተሸፍኖ ሌላ ጫካ ተሸክሟል። ኮሶ ሴቴና ወንዴ ዛፉ ለየብቻ ነው፤ አያቶቻችን ለሆድ ትል የጠጡት የሴቴውን ቀይ አበባ ነው። ካትበርድ እነዚህ ዛፎች ላይ ትወጣለች፣ ሽበቱ ውስጥ ተባይ ትፈልጋለች፣ ሐረጉ መካከል ጎጆ ትሠራለች። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከዚያ ዐይንህን ከቅርንጫፉ አውርደህ መሬቱን ስታይ፣ ከብት በነፃ በሚሰማራበት ጫካ ሁሉ፣ የምታየው ሣር ነው። አያቱ አለ፤ ልጅም የልጅ ልጅም የለም።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የኮሶ ችግኝ ለስላሳ ነው፤ ላሟም ፍየሏም ከጫፉ ትነጨዋለች፣ የቀረውን ትረግጠዋለች። ጽዱም ቢሆን ከፍየል ጥርስ ቢያመልጥ ከእግር አያመልጥም። ከላይ ያለው የአስታ ቀበቶ ደግሞ ለግጦሽ ሣር እንዲያወጣ ሲባል በበጋ ይቃጠላል፤ እሳቱ ወደ ታች ሲወርድ የኮሶውን ዳር ይልሰዋል። ትልቁ ዛፍ ግን ቆሞ ይቆያል። አንድ ጎልማሳ ጽድ ዘመናትን ይኖራል፤ መናገሻ ውስጥ ከአራት መቶ ዓመት በላይ እንደሆናቸው የሚነገርላቸው አሉ። ስለዚህ ወራሽ ያጣ ጫካ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ጫካ ይመስላል። ወፏም ትዘፍናለች። ቆጣሪ መጥቶ ቢቆጥራት ቁጥሯ ያው ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢቆጥርም ያው ሊሆን ይችላል። በመዝገቡ መስኮት በኩል የሚታይ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ዛፎች በአንድ ዘመን መውደቅ ሲጀምሩ ግን ቀይ መዝገቡ ማንቂያውን ቢደውል የሚተካ ዛፍ በአሥር ዓመት አይበቅልም።

ጥፋቱን የገበሬው አድርጎ መተው ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው ግን አፉን ይዞ ያስባል። አንድ ጊዜ ጭነታቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ ያገኘኋቸውን ሴት ሰላም ብዬ፣ ጽድ ጭምር ይለቅሙ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ጽዱን ማን ያስነካናል ልጄ፤ ደግሞስ ለምጣድ ባህር ዛፍን ምን አክሎት» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ባይገባ ኖሮ ዋና ከተማዋ በማገዶ እጦት ትነሣ ነበር የሚሉ አሉ፤ የተረፈው ሀገር በቀል ጫካም ምናልባት የተረፈው የማገዶውን ሸክም ያ መጤ ዛፍ ስለተቀበለው ነው። በሌላ በኩል ጥቅጥቅ ካለ ባህር ዛፍ ሥር ቁጥቋጦ አይገኝም፤ ቁጥቋጦ ከሌለ ካትበርድ የለችም። ሁለቱም እውነት ነው። ባህር ዛፍን ብቻ ሰይጣን አድርጎ የሚጽፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ጽሑፍ ሳነብ ጸሐፊው ምሳውን በምን እንዳበሰለ መጠየቅ ያምረኛል።

መናገሻ ሱባን የምወደው ለዚህ ነው፤ ነገሩ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ቦታ ስለሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ሲያዩት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይተረካል። ትረካው በዝርዝሩ ምን ያህል እንደተጌጠ የታሪክ ሰዎች ይጨነቁበት፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ደን እየተባለ ሲጠበቅ መቆየቱ ግን ዛሬ በዐይን ይታያል። ትልልቆቹ ጽዶች አሉ፣ መካከለኞቹ አሉ፣ ጥላው ሳሳ ባለበት ደግሞ ገና ከሣሩ ያላለፉ ትንንሾች አሉ። ካትበርድ እዚያ በጠዋት ትዘፍናለች፤ ከከተማው ጩኸት የአንድና ሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ ርቃ። የጽድ ፍሬ የሚበሉ ወፎች ዘሩን በሆዳቸው ይዘው ሌላ ቦታ ይጥላሉ፤ ስለዚህ ጽዱ እዚያ የሚተከለው በሰው እጅ ብቻ አይደለም።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያለው ሥራ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል፣ ቅለቱ። የደን ሳይንስ ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ አጥር እንዲከበቡ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሠርተዋል። ድንጋዩ የሚመጣው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳው ይጠራል፣ ደኑ ይከበባል፣ ከብቱ ውጭ ይቀራል፣ ከውስጥ ችግኝ ይነሣል። ችግኝ ጣቢያም፣ ጉድጓድ ቁፋሮም የግድ አይደለም፤ ዘሩ እዚያው መሬት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ስንወጣ ስንት ችግኝ ተተከለ የሚለውን እንሰማለን። እኔ ብጠየቅ ከተከልነው ጎን ስንት ሄክታር ከከብት ተከለለ የሚለውም አብሮ ይነገር ነበር። በእርግጥ ክልከላ ማለት ለአንድ ገበሬ የላም ግጦሽ ማጣት ነው፤ ታጭዶ የሚወሰድ ሣር፣ የማር ቀፎ፣ ከአስጎብኚነት የሚገኝ ገንዘብ፣ የሆነ ነገር በምትኩ ካልመጣ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል፤ ቢፈርስም አልፈርድም።

ወፍን በዝርያ ሳይሆን በቦታ የሚያይ አካሄድም አለ፤ ለካትበርድ የሚጠቅማት እሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የአገሪቱን ቦታዎች ለይቶ አሳትሟል። በዚህ አሠራር አንድ ጫካ እንዲመረጥ የግድ ሊጠፋ የተቃረበ ወፍ አያስፈልገውም፤ የአፍሪካ ደጋ ብቻ የሆኑ ወፎች ተሰባስበው ከተገኙበት ይበቃል። ካትበርድ ለብቻዋ የማትከፍተውን በር ጉንጩ ነጭ ከሆነው ቱራኮና ከሌሎቹ የደጋ ወፎች ጋር ሆና ትከፍተዋለች። የባሌ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የእሷ ስም ርእስ አልነበረም፤ ቀይ ቀበሮውና የደጋ አጋዘኑ ናቸው ፎቶ የተነሡት። ጫካው እስከተከበረ ድረስ ፎቶ ባትነሣ ቅር የሚላት አይመስለኝም።

እንግዲህ ደጋ ስትወጡ ካትበርድ ከሰማችሁ ኢበርድ ላይ፣ ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ፣ መዝግቡልኝ። አስተያየት መጻፊያው ላይ ሁለት ነገር ብትጨምሩ ደስ ይለኛል፦ የተቀመጠችበት ዛፍ ምን እንደሆነ፣ ከሥሩ የዚያው ዛፍ ችግኝ መኖር አለመኖሩን። የኮሶውን መለየት አያስቸግርም፤ ቅጠሉ ረጅም ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የተሰደረ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ፣ ሲዳስሱት ጸጉር ያለው ነው። ሰው የሚሳሳተው ጽዱ ላይ ነው። የትልቁ ጽድ ቅጠል እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ጫፉ የማይዋጋ ሲሆን፣ የሕፃኑ ግን ቀጫጭን መርፌ ነው፤ እጅ ይወጋል፣ ብዙዎች ሌላ እሾህ መስሏቸው ያልፉታል።